ካልመጡ ድነዋል ያላሉት ሰው

ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው መስከረም 12 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ስንት ልጅ እንዳዋለዱ ሲጠፋባቸው የሚያስታውሷቸው እሳቸው ስለነበሩ፣ የቁጥር ፍቅር የያዛቸው ገና ጥርስ ሳይነቅሉ ነው ይባላል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጀምረው በ1967 ዓ.ም. በነርስ ሙያ ተመረቁ። መርፌ ሲወጉ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ግን ታካሚው ከእሳቸው፣ እሳቸውም ከታካሚው እየተሸሻሹ ሦስት ዓመት ሠርተው ወደ መዝገብ ክፍል ተዛወሩ። ከዚያም የከተማውን ዘጠኝ ጤና ጣቢያዎች የሕክምና ውጤት ሲገመግሙ ኖረው ጡረታ ወጡ። በ1972 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። አዛኝ አባት ነበሩ፤ ሆኖም ልጅ ተሽሎኛል ቢላቸው ቴርሞሜትር ሳይመጣ አያምኑም።

በ1989 ዓ.ም. የባለቤታቸው ወንድም የሚመራው ጤና ጣቢያ በደም ግፊት ሕክምና አንደኛ ወጥቶ ዋንጫ ሊቀበል ተዘጋጀ። ሟች መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ ለክትትል መምጣት ያቆሙ አርባ አንድ ታካሚዎች በሙሉ ድነዋል ተብለው ተጽፈው አገኙ። ተንኮል አልነበረም፤ የታመመ ይመጣል፣ ካልመጣ ድኗል ተብሎ ነው። አማቻቸው «ጋሼ፣ ቢያማቸው አይመጡም ነበር?» ቢላቸው፣ «እስቲ እነሱኑ ልጠይቃቸው» ብለው ዣንጥላቸውን አንስተው ወጡ።

ሃያ ሦስት ቀን ከበር ወደ በር ዞሩ። ሠላሳ ስምንቱን አገኙ። አንዱ ደረጃው ከብዶት፣ አንዷ ወረፋው ሰልችቷት፣ አንድ ጫማ ሰሪ ደግሞ ነርሷ ስለተቆጣችው ቀርተዋል እንጂ የዳነ አንድም አልነበረም። ሦስቱ ዘንድ ሞት ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሟች የሦስተኛውን መርዶ በሰሙ ቀን እቤታቸው ገብተው እንዳለቀሱ ባለቤታቸው ይመሰክራሉ።

ሟች ያገኙትን በሪፖርታቸው ጻፉ፤ ዋንጫው ቀረ። አማቻቸው አራት ዓመት ሙሉ አኮረፋቸው፤ በአንድ ገበታ ተቀምጠው ጨው አቀብለኝ የሚባባሉት በልጆቹ በኩል ነበር። ሠላሳ ስምንቱ ግን ወደ ሕክምናቸው ተመለሱ። ጫማ ሰሪውም ይኸው ዛሬ ከመካከላችን ቆሟል።

ሟች ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ፣ ሐኪሙ «እየተሻለዎት ነው» ባሏቸው ቁጥር «ከማን ጋር አወዳድረውኝ?» እያሉ ያስጨንቋቸው ነበር። መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ይህን ታሪክ የጻፈው ዋንጫውን ያጣው አማቻቸው ነው። ከታረቁ በኋላም ቢሆን አንድ ቃል ከአፉ ሳይወጣ ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። ዛሬ በሁላችሁ ፊት ይናገረዋል፤ ጋሼ፣ ልክ ነበሩ።

ፈጣሪ ለሰው ሲዞር የደከመውን ጉልበታቸውን ያሳርፍ፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን።