የኩሬህ አጥርና የጀሪካኖቹ ሰልፍ

የእናኑ አባት፣ ዓለሜ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ። መልስ እንደማይመጣ እያወቅሁም አፌ ለምዶበት ይጠይቅሃል። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሰው ሁሉ ሰሊጥ አረም ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ አንተን ወባ አንቀጥቅጦ በሦስተኛው ቀን ወሰደህ። ያን ጊዜ እናኑ የስድስት ወር ልጅ ነበረች፣ ገና መቀመጥ መጀመሯ ነበር። ዛሬ ትሮጣለች። ከቤታችን ደጃፍ እስከ ቆፈርከው ኩሬ ሃያ ሰባት እርምጃ ነው። ይህን የቆጠርኩት በእሷ የተነሣ ነው።

መንደራችን ኮኪት እንደምታውቃት ናት። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ቆሞ እየደረቀ ነው። ከወሎም ከጎጃምም የመጣው ሠራተኛ ሞልቷል። የሰፈሩ ቦኖ ከተበላሸ ስለ ሰነበተ ሰው ሁሉ የሚቀዳው ካንተ ኩሬ ነው። ዘንድሮ ክረምቱ ጠግቦ ስለ ዘነበ እስከ አፉ ሞልቷል። ድሮ ሲሞላ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ውሃው አንድ ክንድ በጨመረ ቁጥር እናኑን በዓይኔ እፈልጋለሁ።

ትዝ ይልሃል፣ ኩሬው ላይ ጥቁሩ ላስቲክ በተነጠፈ በመጀመሪያው ክረምት ልትታጠብ ገብተህ መውጣት አቃተህ። ያን ቁመት ይዘህ፣ እግርህ ላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተ፣ ብትቧጥጥ ብትቧጥጥ ወደ መሐል ተመለስክ። እኔ የምትጫወት መስሎኝ እስቃለሁ። ዓይንህን ሳየው ነው መቀነቴን ፈትቼ የወረወርኩልህ። ስትወጣ ሳል እያነቀህ እንኳ ደህና ነው ለማለት ያቺን ከሱዳን ያመጣሃትን «ተማም ነው» አልክ፤ ላንተ ምን ተማም ያልሆነ ነገር ነበር። ያኔ ልጅ ስላልነበረን ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሳለህ፣ አንድ ነጋዴ ቤት አትክልት ስታጠጣ ያየኸውን መዋኛም ሳስብ እውላለሁ። ግቢው ውስጥ ለልጆቹ መዋኛ አሠርቶ ዙሪያውን በብረት አጥሮት ነበር አልከኝ። በሩ ሲለቁት ራሱ ይዘጋል፤ መቀርቀሪያው ከሰው ደረት በላይ ነው፤ አጥሩ አጠገብ ወንበር እንኳ እንዲቀመጥ አይፈቅድም። «ሀብታም ውሃውንም ያስረዋል» እያልክ ስትስቅበት እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ሰውየው ልክ ነበር። የእኛን አጥር ያጠርከው ለከብት ነው። ከብት አጥር ይገፋል እንጂ አይወጣበትም፤ ልጅ ግን ይወጣል።

እናኑ መዳህ ስትጀምር በሩን ለማበጀት ሞከርኩ። ሁለት ጀሪካን በሁለት እጁ የተሸከመ ሰው በር አይዘጋም፤ ብለምን ብቆጣ ሰሚ አጣሁ። በመጨረሻ ያንን ያረጀ ክብ የትራክተር ማረሻ ዲስክ፣ አንተ የዶሮ ውሃ ታደርግበት የነበረውን፣ በገመድ አስሬ በሩ ላይ አንጠለጠልኩት። ሲከፍቱት ወደ ላይ ይሳባል፤ ሲለቁት በክብደቱ ይወርድና በሩን ስቦ ኳ ያደርገዋል። ጎረቤት «ደብር ሆነሻል፣ ደወል ተከልሽ» እያለ ቀለደብኝ። እኔ ግን ኳ ሲል እረጋጋለሁ። ተከፍቶ የቀረ ከመሰለኝ ሊጡንም ወንፊቱንም ጥዬ እሮጣለሁ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ።

እዚህ ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። አንዱ ጨርቅ፣ ሌላው ቀይ ክር እጀታው ላይ ያስርበትና ጀሪካኑን አሰልፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ግቢው መሐል ሲኮለኮሉ መሄጃ አጣሁና አጥሩን ተጠግታችሁ ደርድሩ አልኳቸው። እሾሁ ጀሪካን ይበሳል ብለው ሲያማርሩ ደግሞ በዚያ በኩል ያለውን እሾህ በገዛ እጄ ገፍፌ ባዶ እንጨቱን አስቀረሁት። አሳቢ መሆኔ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ማሽላ እያበጠርኩ ነበር። ዲስኩ ጭራሽ ድምፅ አላሰማም፤ በሩ አልተከፈተምና ምንም አልጠረጠርኩም። የእናኑ ድምፅ መጥፋቱን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። ብወጣ ከታች ባለው ጀሪካን ላይ ሌላ ተደርቦበት፣ እሷ ከላይ ቆማ፣ በሆዷ አጥሩ ላይ ተኝታለች። አንድ እግሯ ወደ ውስጥ ተሻግሯል። ውሃው ውስጥ የራሷን ፊት እያየች ትስቃለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉትን ተረት በዓይኔ አየሁት። እንዳልጣራ ፈራሁ፤ ብትዞር ትወድቃለች። ሃያ ሰባቱን እርምጃ ትንፋሼን ይዤ ተራመድኩና ቀሚሷን ጨበጥኩ። አንደኛው ጫማዋ ወልቆ በላስቲኩ ላይ ተንሸራተተና ገባ። ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጋሼ አለነ ወሬውን ሰምተው ከገንዳ ውሃ ከተማ መጡ። ታላቅ ወንድምህ ናቸውና ሲናገሩ ቀና ብዬ አላየሁም። በሩን ማን ከፍቶ ሄደ ብለው ጠየቁ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን መልስ አድርገው ሠራተኞቹን ረገሙ። ከዚያ «የሞተ ሰው ጉድጓድ በሕይወት ካለች ልጅ አይበልጥም» አሉኝ። ቅዳሜ ላስቲኩን ቀደው ውሃውን ሊያፈሱ፣ ጉድጓዱንም ሊደፍኑ ነው። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ጥፋቴን ላለመናገር ነው፣ ዓለሜ። ጎረቤቶቼ ከነገ ወዲያ ወንዝ ድረስ መውረዳችን ነው እያሉ በሐዘን ያዩኛል፤ ሠራተኞቹም ባላደረጉት አንገታቸውን ደፍተው ይቀዳሉ።

ዛሬ ጀሪካኖቹን ሁሉ አንስቼ ራቅ ካለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር አሰለፍኩ። የገፈፍኩትን እሾህ በእጥፍ መለስኩት፤ እጄ ተቦጫጭሮ ብዕሩን እንኳ በወጉ አልያዘም። ወፍራም ገመድ ቋጠሮ በቋጠሮ አድርጌ ከአጥሩ ወፍራም ምሰሶ ጋር አሰርኩና ወደ ውሃው ለቀቅሁት፤ የገባ ሰው ይዞት እንዲወጣ። ይህን ሁሉ አድርጌም ልቤ አላረፈም። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኔ የምፈራው ገና ያላየሁትን ሌላ ጀሪካን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ አለነ አካፋቸውን ሳያነሡ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። በሩ ዝግ ነበር፣ መሰላሉን የሠራሁላት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። አጥሩን ዞረው ይዩት። ካዩ በኋላም ይደፈን ካሉ አልከራከርም፤ ላስቲኩን መጀመሪያ የምቀደው እኔ ነኝ። አንተም ብትኖር ይህንኑ ታደርግ ነበር፣ ቀልድህን ትተህ።

ኩሬው ቢቀርም ባይቀርም ዲስኩን ከበሩ አላወርደውም። ኳ ባለ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ፣ ይህን ቃል ገብቼልሃለሁ። ዝም ሲል ግን አንተን ትቼ ተነሥቼ እናኑን አያለሁ።

ጥሩዬህ