የአሞንሱ ዊግ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

ገበያው ቀዝቃዛ። የበረሃው ነፋስ አቧራውን ይዞ ገብቷል፤ ጨርቁን ሦስቴ አራገፍኩ። የተሸጠው የለቅሶ ጥቁር ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ማንሳ አስጠራችኝ፣ የሟቹ የጠበቃ አሞንሱ ሚስት። አንድ የችሎት ካባ፣ ጠበቆች ችሎት ሲቆሙ የሚደፉት አንድ ዊግ ከነቆርቆሮ ሳጥኑ። አርባው ሳይወጣ የሟች ዕቃ መሸጥ ነውር ነው። እሷም ታውቃለች፣ እኔም።

«አደራ፣ ሰው እንዳይሰማ» አለች።

«ካስወደድሽብኝ ነው ጮኬ የማሰማው።»

ሳቀች። ቀነሰችልኝ።

ዊጉ ከአሞንሱ አያት የወረደ ነው። እዚህ ኬፕ ኮስት ውስጥ መጀመሪያ ዊግ ከደፉት ጠበቆች አንዱ ነበሩ ይባላል፤ የእንግሊዝ መንግሥት መሬታችንን ሊጠቀልል ሲነሳ ተከራክረዋል። ሦስት ትውልድ ያላበበት የፈረስ ፀጉር... እንደ በቆሎ ጢም ቢጫ ሆኗል። ጠበቆች አያጥቡትም። ቢጫነቱ ነው ክብሩ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 10

አሞንሱ ክሴን ሳይጨርሱ ሞቱ። አሁን የያዘልኝ ወጣቱ ጠበቃ ኢቦ ታንዶ ነው፤ ከለንደን ከተመለሰ ገና ስድስት ወሩ። ዊጉ እንደ ጥጥ የነጣ። ዳኛው ፊት ጫጩት ይመስላል። ለዚህ ነው የገዛሁት። ዛሬ ወስጄ ሰጠሁት።

«እትዬ አራባ፣ ይሄማ የጋሽ አሞንሱ ነው! እንዴት እደፋዋለሁ?»

«በጭንቅላትህ። ኩዌኩ ዱሩ ሱቄን ለሁለት ሲቆርጠው ማየት ትፈልጋለህ?»

ዱሩ ጎረቤቴ ነው። ከሱቄ ጓሮ አሥራ አንድ እርምጃ መሬት የአባቱ እንደነበር ይናገራል። እኔ ደግሞ የድንበሩ ተክል አለኝ። ቀይ ቅጠሉ ተሰልፎ ቆሟል፣ ከእኔ ወዲያ፣ ከአሥራ አንዱ እርምጃ ማዶ። እዚህ አገር ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ለራሴ ልጻፈው። ተክሉን አባቴ ነቅሎ ወደ እነዱሩ በኩል አዛውሮታል። ሰው ሁሉ ለዓሣ አጥማጆቹ በዓል ወደ ባሕሩ የወረደ ቀን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለአሞንሱ ብቻ ነገርኳቸው። «ሰማሁ። ሁለተኛ አታንሺው» አሉ። ይዘውት ተቀበሩ። ኢቦ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 12

ቢሮው ሄድኩ፣ የምስክርነት ልምምድ። ዊጉን ደፋ። ልኩ ነው... ትንሽም አይሰፋው፣ አይጠበው። ጥያቄዎቹን ጀመረ። መሃል ላይ ወረቀቱን አስቀመጠ። አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ አሞንሱ ያደርጉት እንደነበረው።

«አራባ፣ ውሃውን የተሸከምሽው አንቺ ነሽ፣ አይደል?»

እርስዎ እያለ የሚያወራኝ ልጅ። ድምፁ የራሱ ነው። አነጋገሩ ግን...

«የምን ውሃ?» አልኩ።

ዊጉን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «ምን አሉኝ እትዬ? ውሃ ላስመጣልዎት?»

ያን ቀን ውሃ ተሸክሜያለሁ። ሁለት እንስራ። ይህን ለአሞንሱም አልነገርኩም። ወይስ ነግሬያለሁ?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

አጉል ፍርሃት አልወድም። ኢቦ ሰምቶ ከሆነ የነገረው ሰው አለ። የአሞንሱን የድሮ ጸሐፊ፣ ሚስተር ኢሳንን፣ ጠየቅኩ፤ መዝገቤን ገልጦ ለኢቦ ያስረከበው እሱ ነው።

«ስለ ተክሉ የጻፉት ነበር?»

«እሳቸው? የደንበኛ ምስጢር በወረቀት? ብዕሩን ይሰብሩታል እንጂ!» ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ምን የሚጻፍ ነገር ነበር?»

«ምንም» ብዬ ወጣሁ።

ኢቦ ነጩን ዊግ እንዲያደርግ ልነግረው አሰብኩ። ምክንያቱን ቢጠይቀኝስ? ተውኩት። ዱሩ ሲያየኝ ባርኔጣውን አነሳ። ትሑት ሰው ነው፣ ያናድዳል።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 16

ፍርድ ቤት፣ የምስክር መቆሚያው ላይ ወጣሁ። መጽሐፉን ይዤ ማልኩ። የኢቦን ጥያቄዎች እንደ ተለማመድነው መለስኩ። ተክሉ የት ነው? ከእኔ ወዲያ። ከመቼ ጀምሮ? ከልጅነቴ። ውሸት አልነበረም። ዳኛው ይጽፋሉ። ዱሩ አንገቱን ደፍቷል። አሸንፌ ነበር።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ቀስ ብሎ፣ ቁጣ የሌለበት።

«የተነቀለውን ተክል ማን አጠጣው፣ አራባ?»

የኢቦን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ ያንን ቢጫ ፀጉር ብቻ ነው ያየሁት። መዋሸት ዳገት ሆኖብኝ አያውቅም፣ ነጋዴ ነኝ። ምላሴ ግን ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ ያጠጣሁት። አባቴ ቆፈረ፣ እኔ አጠጣሁ።»

የዱሩ እህት ጮኸች። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 8

ተፈረደብኝ፤ ግድግዳው አሥራ አንድ እርምጃ ገባ። የጨርቅ ጥቅሎቹን እስከ ጣሪያ ደረደርኳቸው፤ ይበቃል። የዱሩ እህት ባዶው ቦታ ላይ የዓሣ መጥበሻ ጎልታለች። ዛሬ ጠዋት አንድ ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ ላከችልኝ። በላሁት። ስለ አባቴ ሲጠይቁኝ አሁን እንዳለ እናገራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ኢቦን በዚህ ሁሉ አንዴም አልተቆጣሁትም ነበር። ዛሬ ግን ቢሮው ሄጄ፣ «ያቺን ጥያቄ ለምን ጠየቅከኝ?» አልኩት።

«የትኛዋን? እትዬ፣ እኔ እኮ ጨርሼ ተቀምጬ ነበር። ከመቆሚያው ሊወርዱ ነው ብዬ ስጠብቅ ራስዎ ተናገሩ።»

«እየቀለድክ ነው?»

አልተከራከረኝም። ከዳኛው መዝገብ የተገለበጠውን አወጣ። ዳኛው ቃል አያስቀሩም፤ ጥያቄ ከነመልሱ ነው የሚጽፉት። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «ከመቼ ጀምሮ?» አለ። «ከልጅነቴ» አለ። «ጠበቃው ተቀመጠ» አለ።

ከሥሩ መልሴ አለ።

ጥያቄ የለም።