አባዬ፣ የጎማ ማስተንፈሻ ገዛሁ

የኔ አባት፣ አባዬ፣

ከተለየኸን አሥር ወር ሆነን። አሥሩንም ወር መኪናህ ግቢ ውስጥ ከማንጎው ሥር ቆማ ነበር። እማዬ ጠዋት ጠዋት መስታወቷን ትወለውላለች፤ ቁልፉን ግን ለማንም አትሰጥም። መጨረሻ ላይ ዘመዶች ትሸጥ አሉ። ከሐይቅ ዳር ሆቴሎች እንግዳ እየጫንክ ኦሞ ድረስ የምትወርድባት መኪና ያለ ሾፌር ምን ታደርጋለች አሉ። እኔ አለሁ ስል ሳቁብኝ። መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ የገፋፋኸኝ አንተ መሆንህን የረሱ መሰሉ። ታውቀኝ የለ፣ እልህ ያዘኝ።

ነገሩን ያበረዱት ቱላ የሚኖሩት ወንድምህ ጋሼ ማርቆስ ናቸው። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው የላንጋኖን ዳር አሸዋ ነድቼ እንድመለስ፣ አሸዋው ከዋጠኝ ግን መኪናዋ እንድትሸጥ ተስማማን።

አሸዋ ፊት ስትደርስ መኪናዋ እንዳትሰምጥ ጎማ ስታስተነፍስ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። በቁልፍ ጫፍ የጎማውን አፍ ጫን አድርገህ አንድ መዝሙር ከነአዝማቹ ትዘምራለህ፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ጎማ ታልፋለህ። መለኪያ በእጅህ አይቼ አላውቅም፤ አራቱም ግን እኩል ይሆኑ ነበር። በዚህ ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደኮራሁብህ!

እኔም እንዳንተ አደረግሁ፣ ያንኑ መዝሙር። ሃምሳ ሜትር ሳንሄድ መኪናዋ ወደ ግራ ጎተተችኝና የኋላ ጎማዋ ሰመጠ። በአካፋ ስንቆፍር ጋሼ ማርቆስ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ወንድሜ የሚዘምረው የጸሎት ነው፤ አንቺ የዘመርሽው የሠርግ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያውን ጎማ ረጋ ብዬ ጀምሬ አራተኛውን በፍርሃት በጥድፊያ ነው የጨረስኩት። አለቀስኩ። አዘኑልኝ መሰለኝ፣ አንድ ዕድል ብቻ ጨመሩልኝ።

በማግስቱ መነኸሪያ አካባቢ ወዳለ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ሁለት ዓይነት ማስተንፈሻ አወጣልኝ። አንደኛው አራት ትንንሽ ፍሬ ነው፤ በየጎማው ታስረዋለህ፣ አስቀድመህ ያስተካከልክለት ልክ ላይ ሲደርስ ራሱ ይዘጋል። «ለሴት ይሄ ይቀላል» አለኝ። ሁለተኛው መለኪያ አለው፤ አየሩን አፍና የያዘችውን ትንሽ ብረት ፈትቶ እዚያው ሆዱ ውስጥ ይይዛታል፤ አሸዋ ላይ ወድቃ አትጠፋም፣ አየሩም ቶሎ ይወጣል። መቼ እንደሚበቃ የምትወስነው ግን አንተ ነህ፤ ለኮረኮንች ጥቂት፣ ለአሸዋ ብዙ። የቀለለውን መለስኩለትና ባለመለኪያውን ገዛሁ። እኔ የማላየውን ነገር አምኜ አሸዋ ውስጥ እንድገባ አላሳደግኸኝም፣ አባዬ።

ቅዳሜ ላንጋኖ ተመለስን። አራቱንም ጎማ መለኪያውን እያየሁ አሥራ ስምንት ላይ አቆምኩ። ጋሼ ማርቆስ የበሩን እጀታ ጨምድደው ይዘዋል። ማርሽ ቀንሼ፣ ፍሬን ሳልነካ፣ በአንድ ፍጥነት ገባሁ። ጎማው ሰፋ ብሎ አሸዋው ላይ ሲያርፍ መሪው ላይ ይሰማኝ ነበር። ውሃው ዳር ደርሼ ዞርኩ፤ ተመለስኩ። የአየር መሙያውን ኮምፕሬሰር ከመኪናዋ ባትሪ አገናኝቼ አራቱንም መልሼ ነፋሁ። ጋሼ ማርቆስ እማዬ ጋ ደወሉ። «መኪናዋ ሾፌር አላት» ብለው ዘጉት። ማታ ቤት ስገባ እማዬ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠች።

ሰኞ ሦስት እንግዶች ይዤ ወደ ኦሞ፣ ቱርሚ ድረስ እወርዳለሁ። አባዬ፣ ኮርቻለሁ፤ በራሴም፣ ባንተም። እንዳልረሳህ ቃል መግባት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። በየኬላው ሾፌሩ ማን ነው ሲሉ ወርጄ ስሜን እነግራቸዋለሁ። ቀጥለው የአባት ስም ይሉኛል። ያን ጊዜ ጮክ ብዬ፣ ፊደሉን ሳልውጥ፣ አንተን እጠራለሁ፤ መንገድ ላይ እስካለሁ ድረስ።

ልጅህ