«ሐይቁ የተፋው ካሜራ» እና የኔ አፍ

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ዛሬም ሰው የለም። ዝናብ እንኳ አልዘነበ፣ በሱ እንዳናሳብብ። የካራቴ ፊልም ከፈትን፤ ከአግዳሚዎቹ ግማሹ ባዶ። ለባዶ አግዳሚ መቀለድ እንዴት ያደክማል! ግን ማይኩን አልለቀቅኩም። መቺውም ተመቺውም እኔው ሆኜ፣ ጉሮሮዬ እስኪሻክር አወራሁ። ቪጄ ዝም ካለ ምኑን ቪጄ ሆነ? ሰው እኮ ቪዲዮ ቤት የሚመጣው ፊልም ብቻ ሊያይ አይደለም። ጥግ ላይ ተቀምጦ በገዛ ቋንቋው በሉጋንዳ የሚተርክለት፣ በጀግናው የሚያሾፍ፣ ለሟቹ የሚያለቅስ ሰው አለ ብሎ ነው። ካምፓላ ውስጥ በዚህ ሥራ ያረጀሁ እኔ ነኝ።

ናሎንጎ ሻይ አመጣችልኝ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ናት፤ መንታ ከወለደች ወዲህ በሌላ ስም የጠራት የለም።

«ኪጎንጎ፣ ሁሉም በስልኩ ያያል እኮ። ያንተን ጩኸት ማን ፈለገው?»

ሳቀች። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ሉቤጋ ሞተሩን በር ላይ አቁሞ እየጮኸ ገባ። ይሄ ቦዳቦዳ ነጂ ከተሳፋሪ ይልቅ ወሬ ያመላልሳል።

«ቪጄ! የናኪቶን ፊልም ሰማህ? ጂንጃ ከተማ ላይ ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ሳቱ!»

ትናንት አንዲት ነበረች። ወሬ መንገድ ላይ ይወልዳል።

ናኪቶ የሰፈራችን ልጅ ናት። «ሐይቁ የተፋው ካሜራ»ን በአንድ አሮጌ ካሜራና በጓደኞቿ ጉልበት ነው የሠራችው። በፊልሙ ሦስት ወጣቶች ሐይቁ መሃል ወዳለች ደሴት ይሄዳሉ፤ አይመለሱም። ዓሣ አጥማጆች ካሜራቸውን ያገኙታል። የምናየው እሱ የቀረጸውን ነው… አለቀ። ሬዲዮው ግን «ልብ ድካም ያለበት እንዳይገባ» እያለ ነው። ናሎንጎ ከቅዳሜ ጀምሮ እኛ ቤት ይታያል ብላለች። በአንድ ካሜራ? እስቲ እናያለን።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ናኪቶ ዲስኩን ይዛ መጣች። እንደ ደንቡ ተንበርክካ፣ ለሽማግሌ እንደሚባለው «ሙዜ» ብላ ሰላም አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት አልኩ። ቸኩያለሁ።

«ሙዜ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት?»

«በይ ልጄ።»

«ፊልሜ ላይ እንዳይናገሩ።»

የሰማሁት አልመሰለኝም።

«ፊልሙ በሉጋንዳ ነው፣ የሚተረጎም የለውም። የሚያስፈራው ደግሞ ጸጥታው ነው። እባክዎ፣ ሙዜ።»

ምን ይባላል? እሺ አልኩ። ናሎንጎ ከኋላ ሆና ሰምታ ኖሯል። «ያለ ቪጄ ከሞላልንማ፣ ያንተ ጥግ አንድ አግዳሚ ያስገባል» አለች። ቀልዷን መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ጥጌን በክንዷ ስትለካ አየኋት።

ፊልሙ በጸጥታ ከሠራ እኔ ወጣሁ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ወዴት? መንገድ ዳር የቻፓቲ ቂጣ ልጠብስ?

አርብ፣ ሰኔ 7

ጠዋት ብቻዬን አየሁት።

እውነቱን ልጻፍ፤ ለራሴ አይደል? አብዛኛው አሰልቺ ነው። ልጆቹ ይሄዳሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ዓሣ ይጠብሳሉ። ጫማ ይታያል፣ ሣር ይታያል፣ ደግሞ ጫማ። አዛጋሁ። ለዚህ ነው ራሳቸውን የሳቱት?

ከዚያ ጀልባዋ መጣች። መጨረሻው አካባቢ ነው። የመቅዘፊያ ድምፅ ይሰማል፤ ጀልባዋ ትቀርባለች፤ ሰው የለባትም። መቅዘፉ ግን አልቆመም… ክንዴን አየሁት፤ ጠጉሬ ቆሟል። ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። ሞቆኝ አይደለም።

የተወራለትን ያህል ነው? አይደለም። ግን ያቺ ጀልባ…

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ቤቱ ሞላ። እኔ ማይኬን አጥፍቼ እንደ ተቀጣ ተማሪ ጥጌ ተቀመጥኩ።

ገና ከመጀመሩ ምስሉ መናጥ ያዘ። ልጁ ካሜራ ይዞ እየሮጠ ነዋ! የኛ ሰው ግን ምን ያውቃል? ምስል ከተናጠ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል፣ መመታት አለበት። ሉቤጋ ተነስቶ ሄደና በጥፊ አላጋው። አልቆመም። ሽቦውን ነቅሎ ሰካው። አልቆመም። ደገመው።

«ካሜራ ያዡ ሰክሯል!» አለ አንዱ።

«ቪጄ፣ ተኝተሃል? ምንድን ነው የሚሆነው?»

«ቪጄው ሞቷል፣ ቀብር እንሂድ!»

ጀልባዋ ስትደርስ ግማሹ ሰው ወጥቷል፣ የቀረው ያወራል። መቅዘፉን ማን ሰማው?

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጥጌ ተረፈች አይደል? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ደስም ብሎኝ ነበር። ስወጣ ናኪቶ ከመጋረጃው ውጭ ግድግዳ ተደግፋ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች። አፌ ለሰው ሁሉ ይበቃል፣ ለሷ ግን ቃል አጣሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 9

ናሎንጎ፦ «ቤቱ የኔ ነው። ዛሬ ትናገራለህ!»

ተናገርኩ። ጫማው ሲታይ «ይሄ የሉቤጋ ጫማ ነው፣ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዓሣው፣ ሣሩ፣ ጠቡ… ሁሉም ሳቅ ሆነ። ናኪቶ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ጀልባዋ ልትመጣ ስትል የማይኩ ሽቦ ወለቀ። አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ጎንበስ ብዬ ሽቦውን ስፈልግ… ቤቱ ጭጭ። ሳል እንኳ የለም። ያ መቅዘፊያ ብቻ። ከፊት አንዱ በቀጭን ድምፅ፦

«ቪጄ… አለህ?»

ማንም አልሳቀም።

ሽቦውን አገኘሁት፣ ሰካሁት፣ «አለሁ፣ ጀልባዋ ውስጥ ነኝ!» አልኩ። ሳቅ። ሁሉም ተነፈሰ። እኔ ግን ያን ጭጭታ ሰምቼዋለሁ።

ናኪቶ ዲስኳን አውጥታ ወሰደች። «የልቅሶ ቤቴን ሠርግ አደረጉት፣ ሙዜ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በጣም ከፋኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ሁለት ቀን አሰብኩ። ቅዳሜ ዝም ስል ማንም አልፈራም፤ ተናደዱ እንጂ። እሑድ ድንገት ስጠፋባቸው ደነገጡ። ለምን? ሲያወራ የቆየ ሰው ነዋ ዝም ያለው! ጎረቤትህ ሲዘፍን ውሎ ድንገት ቢያቆም አትነሳም?

ናኪቶ ቤት ሄድኩ። እናቷ የተቀቀለ ሙዝ፣ ማቶኬ፣ በኦቾሎኒ ወጥ አቀረቡልኝ። ናኪቶ ፊቷን አልፈታችም።

«አንድ ዕድል ስጪኝ» አልኳት። «ሰዉን ይዤልሽ ልሂድ። እስከ ጀልባዋ ድረስ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ያንቺ ነው። ዝም እላለሁ።»

«እርስዎ? ዝም?»

እናቷ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ካህኑን ይተረጉማል!»

እሷም ሳቀች፣ ሳትወድ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አሰበች፣ አሰበች… ቀልዶቹን እያሳነስኩ እንድሄድ ነገረችኝ። ስለ ጠቡ ያልኩትን አንዱን ግን ወደደችው። ዲስኩን ሰጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ከቪዲዮ ቤቱ ሳልወጣ፣ ጥጌ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ምስሉ ሲናጥ ሉቤጋ ሊነሳ ሲል፣ «ተቀመጥ! ልጁ እየሮጠ ነው፣ አንተ ሊደበድብህ የመጣ ሰው ቢኖር ቀጥ አድርገህ ትቀርጻለህ?» አልኩት። ሳቁ። ገባቸውም። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑን የነካ የለም።

ሣሩ ጋ ቀልዴን አሳነስኩ። ዓሣው ጋ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ሰዉ ሊሰማኝ ወደፊት ተጠጋ። «ወንድሞቼ፣ ይሄ ቦታ ደስ አላለኝም…» አልኩ። እውነቴን ነበር።

መቅዘፊያው ተሰማ። «ማን ነው የሚመጣው? እስቲ ልይ—» ብዬ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ተውኩት።

ያ ዝምታ! በዕድሜዬ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም፤ ምላሴን ነከስኩት። «ቪጄ?» አለ አንዱ። አልመለስኩም። ሉቤጋ የማያውቀውን ሰውዬ እጅ ይዟል። ናሎንጎ መቁጠሪያዋን አወጣች። ጀልባዋ ደረሰች… ሴቶቹ ጮኹ፣ ወንዶቹ ደግሞ ከሴቶቹ በላይ። ሉቤጋ በመስኮት ሊወጣ ሞከረ፤ መስኮት የለንም።

ናኪቶ ፊልሙን አላየችም። ጀርባዋን ሰጥታ የሰዉን ፊት ታያለች። እያለቀሰች ትስቃለች። ሲያልቅ መጥታ ተንበረከከች፤ አነሳኋት። ሁለታችንም አለቀስን። እኔ እንኳ!

ታዲያ እንደ ወሬው ነው? ብቻህን ካየኸው፣ አይደለም። ከኛ ሰው ጋር፣ እኛ ቤት፣ አዎ። አሁን እኔም ለሰው አጋንኜ አወራለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22

ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ሞላ። ያዩት ተመልሰው መጡ፣ ሌላው ሲደነግጥ ለማየት። ናሎንጎ አዲስ አግዳሚ ገዛች። ጥጌን አልነካችም፤ በሩ አጠገብ፣ የራሷ ወንበር የነበረበት ቦታ አስገባችው። እሷ ቆማ ታያለች።

ናኪቶ ሁለተኛ ፊልም ጀምራለች። ትናንት ጽሑፉን አምጥታ፣ «ሙዜ፣ የት የት ዝም እንደሚሉ አብረን እንምረጥ» አለችኝ። ቁጭ ብለን መረጥን፤ ሦስት ቦታ ላይ ተጣላን፣ ሁለቱን አሸነፈችኝ።

ዛሬ ስመጣ አንድ ሠዓሊ የውጭውን ግድግዳ እየቀባ ነው። ጀልባዋን ሥሏል። ከሥሯ በትልቁ፦ «ዛሬ ቪጄ ኪጎንጎ ዝም ይላል!»

ሰልፉ እስከ ቻፓቲ ሻጩ ደርሷል። ሉቤጋ ከመሃል ጮኸ፦

«ሙዜ! ዛሬም ዝም ትላለህ አይደል?»

«እሞክራለሁ» አልኩት፣ ማይኬን ይዤ ገባሁ።