ፍራሼ ሲቀደድ ያልተከፈተው ሳጥን

ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ
(በእጅ የሚሰጥ)

ቀን፦ መጋቢት 11

ጉዳዩ፦ ከውጭ የተገዛው የመመስጠሪያ መሣሪያ ሳይመረመር እኔ ብቻ በሰላይነት መጠርጠሬን ስለመቃወም

ክቡርነትዎ፣

በመልእክት ክፍል ውስጥ ምስጢራዊ ደብዳቤዎችን ወደ ኮድ ስቀይር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ባልደረቦቼ «ዝምታ» ይሉኛል። ላለፉት ሁለት ወራት ግን የድርድር ደብዳቤዎቻችንን ለባዕድ መንግሥት አሳልፋ ሰጥታለች ተብዬ ከሥራ ታግጃለሁ። ይህን የምጽፈው ፈርቼ አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

1. ቀድሞ ደብዳቤውን የምንመሰጥረው በእጃችን፣ በራሳችን የኮድ መጽሐፍ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የመመስጠሪያው መሣሪያ፣ አንድ የታሸገ ሳጥን፣ ከውጭ ተገዝቶ መጣ። ክዳኑ ላይ «ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ከእኛ ወገን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። የአምራቹ ባለሙያዎች በየሦስት ወሩ ለጥገና ሲመጡ እኛን ከገዛ ክፍላችን አስወጥተው በሩን ይዘጋሉ። ይህ ልክ እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ በማስታወሻ ባሳውቅም፣ የክፍሉ ኃላፊ ዘመን ጥሎሻል ብለው ሳቁብኝ።

2. ምስጢሩ ሲወጣ መርማሪዎች ቤቴ መጡ። ፍራሼን ቀደዱ፤ የልጄን ደብተሮች ገጽ በገጽ ገለጡ። ረቂቅ በየቀኑ ማቃጠል የክፍሉ ደንብ ሆኖ ሳለ፣ ማስረጃ አጥፍተሻል አሉኝ። ከወጡት ደብዳቤዎች ሦስቱ የተላኩት ደግሞ እናቴን ሆስፒታል ሳስታምም ፈቃድ ላይ በነበርኩበት ሳምንት ነው። የፈቃድ ወረቀቴን ይዤ ብዞርም የሚያይልኝ ጠፋ። ታዲያ ሳጥኑስ ይከፈት ብል፣ ዋስትናው ይበላሻል ተባልኩ። የኔ ፍራሽ ዋስትና የለውማ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

3. ባለቤቴ አናጺ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ ሥራዬ አንዲት ቃል ነግሬው አላውቅም፤ እሱም ጠይቆኝ አያውቅም። መርማሪዎቹ በሄዱ ማግስት የተቀደደውን ፍራሽ እየሰፋ፣ ቀና ሳይል፣ «ለእኔ ያልነገርሽውን ለባዳ ነገርሽ?» አለኝ። ስለ መሣሪያው እንዳልነግረው የፈረምኩት ቃለ መሐላ አሰረኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብረን አንበላም።

ስለዚህ ሳጥኑ እኔ ባለሁበት፣ በራሳችን ባለሙያዎች እጅ ተከፍቶ እንዲመረመር እጠይቃለሁ። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ የሚወሰንብኝን ቅጣት ያለ ይግባኝ እቀበላለሁ።

ንጹሕ ካልሆነ ግን፣ ወንበሬ ከመመለሱ በፊት አንድ ነገር ይደረግልኝ። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ እውነቱን ለባለቤቴ ይንገርልኝ። እኔ መሐላዬን እስከ ዛሬ አላፈረስኩም፤ ለእሱ ብዬም ቢሆን አላፈርሰውም።

ከአክብሮትና ካልበረደ ንዴት ጋር፣

(ፊርማ)
ከሥራ የታገደችው የመልእክት ክፍል ሠራተኛ