ስጋትና የአጋዘን ፀጉር፦ የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ሰዓት ያድሱ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላረፉ፣ አያታችን የስፌት መኪናቸውን አቁመው የልጃቸውን ትንፋሽ እያዳመጡ እንዳሳደጓቸው ይነገራል። እናታችንም ስለዚህ ሲጠየቁ «እኔ ስጋትን ከጡት ጋር ነው የጠባሁት» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሠፈራቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው በጥሩ ውጤት አጠናቀዋል። በፈተና ቀን መልሳቸውን ደጋግመው ስለሚያዩ መምህራቸው ወረቀቱን ከእጃቸው በግድ ይቀበሏቸው ነበር። አንድ ጊዜ ትክክል የነበረውን መልስ አርመው አሳስተዋል፤ ይህንንም ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲቆጩበት ኖረዋል። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ በፋርማሲ ሙያ ሠልጥነው በ1967 ዓ.ም. ተመረቁ።

በዚያው ዓመት በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ተቀጥረው ለሠላሳ አራት ዓመታት አገልግለዋል። መድኃኒት ሰጥተው ሲያበቁ ታካሚው በሩ ጋ ሲደርስ መልሰው ይጠሩትና «ልብ ይበሉ፣ ከምግብ በኋላ ነው!» ይሉታል። በዚህ ምክንያት ባልደረቦቻቸው «እትዬ ልብ ይበሉ» የሚል ስም አወጡላቸው። በነዚያ ዓመታት አንድም የተሳሳተ መድኃኒት ከመስኮታቸው አልወጣም። በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት «ጥንቁቅ» ይላቸዋል። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ በዘገየን ቁጥር በከተማው ላሉት ሆስፒታሎች ሁሉ ደውለው እንደጠበቁን እንመሰክራለን።

በ1969 ዓ.ም. ከአባታችን ጋር በጋብቻ ተሳስረው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። አባታችን የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። ከሥራ የተረፈ ቅዳሜያቸውን ሁሉ የሚያሳልፉት ግን ወንዝ ውስጥ ቆመው፣ ራሳቸው በሚሠሩት ዝንብ ዓሣ እያጠመዱ ነበር። አሠራሩን ለማያውቅ ለመግለጽ ያህል፣ ትንሽ መንጠቆ ላይ የአጋዘን ፀጉር በክር ይጠመጠማል፤ ፀጉሩ በመቀስና በምላጭ ተከርክሞ የነፍሳት ቅርጽ ሲይዝ ዓሣው እውነተኛ ዝንብ መስሎት ሊውጠው ይነሣል። የአጋዘን ፀጉር ውስጡ አየር ስለሚይዝ የሚናወጥ ውኃ ላይ እንኳ ይንሳፈፋል። እናታችን ይህን ሥራ «የትልቅ ሰው ጨዋታ» ይሉት ነበር። ጨዋታ ይበሉት እንጂ፣ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ከመስኮቱ አይነሡም ነበር።

በጥር ወር 2008 ዓ.ም. የፈሩት ደረሰ። አባታችን በጭንቅላት ደም መፍሰስ ምክንያት ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ንግግራቸውም ተሳሰረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ እናታችንን ወደ ኮሪደሩ ጠርተው፣ ሰውየው ራሳቸው መኖር ካልፈለጉ መድኃኒቱ ብቻውን ዓመት እንደማያዘልቃቸው ነገሯቸው። አባታችን ቤት እንደገቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከወንበራቸው ላይ ቀሩ። ሁለት ማንኪያ ሾርባ ከቀመሱ ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው። እናታችን በቀን ስድስት ጊዜ የደም ግፊታቸውን ይለኩ ነበር፤ የራሳቸውን ለክተው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ በሽተኛ ባገኘን ነበር።

የአባታችን የወንዝ ጓደኛ የሠፈራችን ፀጉር አስተካካይ ናቸው። በየሳምንቱ ጢማቸውን ሊላጩላቸው ይመጡ ነበርና አንድ ቀን የዝንቡን ሳጥን ቢከፍቱት ብል ጨርሶታል፤ ባዶ መንጠቆና ዱቄት ብቻ ቀርቷል። ከሱቅ የተገዛ ቢያመጡላቸው አባታችን ዞረውም አላዩት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው የሠራውን ዝንብ ክራቸው ላይ አስረው አያውቁም። ፀጉር አስተካካዩ ምላጫቸውን እያጠፉ እንዲህ አሉ፦

«እትዬ፣ እርስዎ ቢሠሩለትስ? የእርስዎን እምቢ አይልም።»

«እኔ? መንጠቆ ቢወጋኝስ? እሺ ሠራሁለት እንበል፤ ወንዝ ዳር ወስደነው ቢወድቅብንስ?»

«ቢወድቅ እናነሣዋለን። እዚህ ወንበር ላይ የወደቀውን ግን ማን ያነሣዋል?»

እናታችን በነጋታው የአባታችንን ትንሿን የመንጠቆ መያዣ ሞርሳ በነጠላቸው ሸፍነው ይዘው ወጡ።

ትምህርቱ በፀጉር ቤቱ የጀርባ ክፍል፣ ከመታጠቢያው ሳህን አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተጀመረ። መንጠቆው በሞርሳው ይነከሳል። ከአጋዘኑ ቆዳ አንድ ቁንጥር ፀጉር ይቆረጣል፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብናኝ በማበጠሪያ ይወጣል፤ ብናኙ ከቀረ ፀጉሩ በመንጠቆው ዙሪያ አይዞርም። ከዚያ ክሩ ሁለት ዙር ላላ ተደርጎ ይጠመጠምና ቀስ ተብሎ ይሳባል። በደንብ የተሳበ እንደሆነ ፀጉሩ እንደ ጃርት ብድግ ብሎ መንጠቆውን ይከብባል። ቢላላ ይፈርሳል፤ ቢጠብቅ ይበጠሳል። እናታችን እንዳይፈርስባቸው ስለሚፈሩ ያጠብቁታል፤ ስለሚያጠብቁትም ይበጠሳል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ፀጉር መንጠቆ ላይ አላደረም።

«እትዬ፣ የያዙት ክር እንጂ በግ አይደለም፤ አይሸሽም» ይሏቸው ነበር ፀጉር አስተካካዩ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሙሉ አካል ጠምጥመው ለመከርከም ደረሱ። በምላጩ ጠጋ ሲሉ ክሩን ነኩት፤ የግማሽ ቀን ልፋት ወለሉ ላይ ተበተነ። ፀጉር አስተካካዩ ከደንበኞቻቸው ፀጉር ጋር አብረው ጠረጉት። እናታችን የዚያን ዕለት መንገድ ላይ እያለቀሱ ነው ወደ ቤት የተመለሱት። አባታችን ግን የሚያዩት ሌላ ነበር። ባለቤታቸው በየቀኑ ወዴት እንደሚሄዱ አይናገሩም፤ ሲመለሱ ደግሞ ቀሚሳቸው ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ፀጉር አለ። አንደበት ባይኖራቸውም በዓይናቸው እስከ ጓዳ ድረስ ይከተሏቸው ነበር።

በመጋቢት ወር መጀመሪያ እናታችን አንድ ዝንብ ጨርሰው አባታችን ጉልበት ላይ አኖሩላቸው። ከዚያም ሄደው ከበሩ ጀርባ ቆሙ። ባይቀበሏቸው ሌላ የሚያውቁት መድኃኒት አልነበራቸውም። አባታችን በግራ እጃቸው አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት፤ አገላበጡት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣ በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው የሚሰማው ቃል ከአፋቸው ወጣ።

«ሆዱ... ወፈረ።»

እውነታቸውን ነበር። እናታችን ክሩን እንዳይቆርጡ ፈርተው ከሥር ያለውን ፀጉር ሳይከረክሙ ስለተዉት፣ የመንጠቆውን አፍ ደፍኖታል፤ ዓሣ ቢውጠው እንኳ አይዝም። እንዲህ ያለ የሚያስደስት ትችት ግን በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። ምላጩን ይዘው እየሮጡ መጡ።

በሚያዝያ ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ አባታችንን ወደ ወንዝ ይዘናቸው ወረድን። እናታችን የግፊት መለኪያ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ለአንድ ቀን ጉዞ የሳምንት መድኃኒትና ገመድ ይዘው ነበር። ገመዱን በአባታችን ወገብ አስረው ሌላውን ጫፍ በራሳቸው ክንድ ጠመጠሙት። ፀጉር አስተካካዩም «እትዬ፣ እሱ ከወደቀ አሁን ሁለት ሰው ነው የምናወጣው» አሉ። አባታችን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ዝንብ ወሰዱ፤ ክሩ በመንጠቆው ቀዳዳ አልገባም አለ። ሁለተኛው አልገባም። ሦስተኛውም። እናታችን ቋጠሮው እንዳይፈታ ሰግተው የሚያደርቀውን የጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ በሚበቃበት ሦስት ሦስት ጊዜ ጠብ አድርገውበት፣ የሁሉንም ቀዳዳ ደፍነውታል። የወር ሥራ፣ አንድም የሚታሰር የለም።

በዚህ ጊዜ የአባታችን ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እናታችን «ሁለተኛው መጣ! ያዙልኝ!» ብለው ጮኸው የግፊት መለኪያውን በልብሳቸው ላይ መጠምጠም ያዙ።

«እትዬ፣ ሳቅ ነው እኮ» አሉ ፀጉር አስተካካዩ።

ሳቅ ነበር። ቀዳዳዎቹን በመርፌ ከፍተን እስከ ማታ ቆየን፤ አንድም ዓሣ አልተያዘም። የዚያን ዕለት አባታችን ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጡ፤ እናታችን ደግሞ «በዛ» ብለው ሰጉ።

ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመታት ቅዳሜ አልተቋረጠም። የአባታችን አንደበት ቀስ በቀስ ተፈታ። የእናታችን እጅም ተገራ፤ የአውራ ዶሮ አንገት ላባ ለአንገትጌ፣ የጥጃ ጭራ ለክንፍ እየጨመሩ ሌሎች አጥማጆች የሚለምኗቸውን ዝንብ ለመሥራት በቁ። ለጠየቃቸው ሁሉ ይሰጡ ነበር፤ «ልብ ይበሉ፣ ከተጠቀሙ በኋላ ያድርቁት» የሚል ማሳሰቢያም አይቀርም። ስጋታቸው አልለቀቃቸውም። ይሁንና የሚሰጉት ወንዝ ዳር ተቀምጠው፣ ገመድ ይዘው፣ ከሚወዱት ሰው አጠገብ ሆነው ነበር።

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. እናታችን ራሳቸው ታመሙ። በሽታው ከቆሽታቸው ላይ እንደሆነና የቀራቸው ጊዜ አጭር እንደሆነ ሲነገራቸው ሐኪሙን «ስንት ቅዳሜ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። የጨነቃቸው ሞቱ አልነበረም። ዝንቡ ሲያልቅ አባታችን ወደዚያ ወንበር ይመለሳሉ ብለው ነው የፈሩት። ስለዚህ ጠዋት ማታ ይሠሩ ጀመር። በየካቲት ግን የሕክምናው መድኃኒት የጣቶቻቸውን ጫፍ አደነዘዘው። ክሩ እንደ መጀመሪያው ሳምንት በየዙሩ ይበጠስ ጀመር። «አይሰማኝም፤ ክሩ እጄ ላይ የለም» ብለው መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

አባታችን ወንበራቸውን በግራ እጃቸው እየጎተቱ መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡና ክሩን ያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናታችን ፀጉሩን ይይዛሉ፣ አባታችን በደኅናው እጃቸው ይስባሉ። በሁለት ሰው አንድ ዝንብ መሥራት ለትዳር ጥሩ ነው የሚል ካለ እቤታችን አልነበረም።

«ላላ አድርገው!»

«አንቺ በደንብ ያዢ!»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ እስከ ግንቦት መጨረሻ ሳጥኑን ሞሉት።

ሰኔ 3 ቀን እናታችን ሆስፒታል ገቡ። አባታችን አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ አንድ ቅዳሜ እንዲያልፍም ወሰኑ። እናታችን ከሕመማቸው በላይ ይህ አስጨነቃቸው። ሰኔ 10 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ «ወንበር ላይ ተቀምጠህ እኔን አትጠብቅ። ሂድ» አሏቸው። አባታችን ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ሄዱ፤ ገመዱን የሚይዝ አልነበረም። እናታችን ስልኩን በደረታቸው ላይ አድርገው ትልቋን ልጃቸውን በየአምስት ደቂቃው «ስንት ሰዓት ሆነ?» እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ። እሷም ከእሳቸው የባሰ እንደፈራች አልነገረቻቸውም።

አባታችን በአሥራ አንድ ሰዓት ተመለሱ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቦ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ የሚመጣውን ቁጣ ጠበቅን። እናታችን እርጥቡን ሱሪ ከታች እስከ ላይ አዩት።

«ያዘ?» አሉ።

«ያዘ። ለቀቅኩት።»

«ጎሽ» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ተኙ። ሰኞ፣ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በሰላም አረፉ።

እናታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም እንደ ወንድም የሚያዩአቸውን ፀጉር አስተካካይ ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ዛሬም እዚህ ለተገኛችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

እናታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፈሯቸው ነገሮች አብዛኞቹ አልደረሱም። ከሁሉ አብልጠው የፈሩት አባታችንን መቅበር ነበር፤ እሱም አልደረሰባቸውም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ልጃቸው ግን ስጋቱን ወርሳ፣ ከሰኞ ወዲህ አባቷ በተቀመጡ ቁጥር ልቧ ይርዳል። ዛሬ ጠዋት ጽሑፉን ስታነብላቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ጎድሏል» አሏት። ምን እንደጎደለ ስትጠይቃቸው ቃሉን አንድ በአንድ እያወጡ እንዲህ አሉ፦ «ቅዳሜ እሄዳለሁ በይ። እዚያው ጻፊው። ትስማው።»

እነሆ ተጽፏል፤ ጮክ ተብሎም ተነቧል። ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ ስጋት በማይደርስበት ያሳርፍልን።