አሥራ ሁለቱ ልባዶች

ሸዋ ሮቢት
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ያመኛል ያልከኝ ወገብህ ተሻለህ ወይ? በአርባ ዓመትህ መሰላል ላይ ተንጠልጥለህ የሱቅ ታፔላ ስትጽፍ መዋል ይቅርብህ ብዬ ነበር፤ ሰሚ የለም እንጂ። ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ የድሬዳዋ ጎረቤቶችህ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሾው ተሰብስቦ ገብቷል። ሙቀቱ ግን ኅዳር ገብቶም አልለቀቀንም፤ ልጆቹ ደጅ ካልተኛን እያሉ ያስቸግሩኛል። አጣዬ ቤታችን ከተቃጠለ ጀምሮ እኔና ልጆቼ እዚሁ ከአባዬ ጋር እንደሆንን ታውቃለህ። ባለቤቴ እዚያ ቤቱን መልሶ እየሠራ ነው፤ ጣራው ደርሷል። አባዬም ደህና ናቸው። ዓይናቸው ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ መስጊድ በእግራቸው ይሄዳሉ። የእሳቸውን ነገር መስማት እንደማትወድ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ትሰማለህ! ስልክ ቢሆን ትዘጋብኝ ነበር።

ለምን ደብዳቤ ጻፍሽ ትለኝ ይሆናል። በዚህ ወር ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ስለ ማሾ ዋጋ አውርተን የዘጋሁት፣ ሌላ የምነግርህ ነገር ኖሮኝ ነው። አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲመለስ የኖረ ነገር ነው። አሁን ልናገረው፤ ካልተናገርኩ ፈንድቼ መሞቴ ነው።

ሥዕሎችህን አባዬ አላቃጠሏቸውም። የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

ይኸው ጻፍኩት። ተነሥቼ ውሃ ጠጥቼ መጣሁ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። መስከረም ማለቂያ ላይ የመንግሥት መጽሐፍ ታደለንና አስተማሪያችን ያልተለበደ መጽሐፍ የያዘ ክፍል አይገባም አለን። አንተ ለሥራ አጣዬ ሄደህ ነበር። የሌላው ልጅ አባት ጋዜጣ ያመጣለታል፤ እኛ ቤት ጋዜጣ ከየት ይመጣል? አልጋህ ሥር ካለው ካርቶን ያን የሣልክበትን ወፍራም ወረቀትህን አወጣሁ። የጭነት መኪናው ሹፌርና የሽንኩርት ሽታ የሚያስነጥሳት ግመል ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ክፍል አዲስ አበባ በሚታተም መጽሔት ላይ ሲወጣ አንተው አሳይተኸኝ አይቼዋለሁ፤ እዚያ ላይ መስመሩ ጥርት፣ ጽሑፉ ኩልል ያለ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ቀጣዩ ክፍል ግን በእርሳስ የተሞነጫጨረ፣ እዚህም እዚያም ነጭ ቀለም የተለደፈበት፣ የሚነጋገሩት ነገር በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ የተለጠፈበት ነው። ወላሂ የተበላሸብህ መሰለኝ! ተበላሽቶበት የጣለው ነው ብዬ፣ እንዲያውም ወረቀቱ በከንቱ እንዳይቀር ያደረግሁ መስሎኝ፣ ሥዕሉን ወደ ውስጥ ንጹሑን ጀርባ ወደ ውጭ አዙሬ ስምንት መጽሐፎቼን ለበድኩበት። የተረፉትን አራቱን ለሙሀባ ሰጠኋት፤ አብራኝ ትማር ለነበረችው ለጎረቤታችን ልጅ።

ከዚያ አንተ መጣህ። ካርቶኑን ባዶ ስታገኘው የሆነው ፊትህ አሁንም ይታየኛል። ስድስት ወር የለፋህበት፣ በሳምንቱ ለመጽሔቱ ልታደርሰው የጨረስከው ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። አባዬ ደግሞ ሥዕል ሐራም ነው፣ ነገ በቂያማ ቀን ነፍስ ዝራበት ትባላለህ፣ አንድ ቀን እሳት ውስጥ ነው የምከተው እያሉ ሲያስፈራሩህ ስለከረሙ ሌላ ሰው አልጠረጠርክም። በቀጥታ እሳቸው ላይ ሄድክ። እሳቸው አዎም አላሉ፣ አይደለሁምም አላሉ፤ ወረቀት ነው፣ ሌላ ትሥላለህ ብቻ አሉህ። አንተም ይህን ካደረገ ሰው ጋር በዱንያም በአኺራም ዓይን ለዓይን አልተያይም ብለህ በአላህ ስም ማልክ። እኔ የሒሳብ መጽሐፌን አቅፌ በሩ ጥግ ቆሜ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያላንተ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ፣ እንደዚያ ስትምል ሰምቼ እኔ ነኝ ልበል? አንተ ጨርቄን ማቄን ሳትል ወጥተህ ሄድክ። እኔም ዝም እንዳልኩ አደግኩ፣ ዝም እንዳልኩ አገባሁ፣ ወለድኩ። በዓል በመጣ ቁጥር ደውለህ ልጆቼን በየስማቸው ጠይቀህ፣ የአባዬን ስም ሳታነሣ ስትዘጋው አንጀቴ ይቆረጥ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ አባዬ ልባዱን እኔ ልላጥልሽ ብለው ተቀበሉኝ። እኔ ጓዳ ገብቼ ጠበቅሁ። ምንም አላሉኝም። እንግዲህ ገልብጠው ሳያዩት ምድጃ ውስጥ ከተውታል ብዬ፣ እስካለፈው ወር ድረስ እንዲሁ አምኜ ኖርኩ።

ባለፈው ወር አንድ ቢኒያም የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራውን ስነግርህ ትስቃለህ። ድሮ የታተሙ ኮሚኮችን፣ እንዳንተ ያለውን በሥዕል የሚነገር ታሪክ ማለት ነው፣ ይሰበስባል፣ ደረጃ ይሰጣል፣ ዋጋ ይተምናል፣ ይገዛል፣ ይሸጣል። እኔ መጀመሪያ ሥራ የፈታ ሰው መሰለኝ። ለካ ለዚህ ብሎ ከባሕር ማዶ ሳይቀር የሚደውልለት ገዢ አለው! ያንተ ታሪክ ያለበትን መጽሔት አግኝቶ፣ ከሥዕሉ ሥር ስምህንና ሸዋ ሮቢት የሚለውን አንብቦ፣ መናኸሪያ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየጠየቀ ቤታችን ድረስ መጣ። የታተመው አለኝ፣ የምፈልገው የሠዓሊው እጅ የነካው ወረቀት ራሱ ካለ ነው አለን። እኔ ድሮ ጠፍቷል ብዬ ልሸኘው ስል አባዬ ቆይ አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ያን የቆርቆሮ ሣጥናቸውን ይዘው ወጡ። የግብር ደረሰኝ የሚያኖሩበት ነው የምንለው። በ2014 በጦርነቱ ከተማውን ጥለን ስንሸሽ ዱቄቱን ትተው እሱን ተሸክመው ሲወጡ፣ የሚበላ ነገር እያለ ቆርቆሮ ምን ይሠራል ብዬ በሰው ፊት ጮኼባቸው ነበር፤ ሰነድ አለበት ብለው አለፉኝ። አሁን ከፈቱት። ከላይ ምስጥ እንዳይቀርብ የኒም ቅጠል፣ ከሥሩ ንጹሕ ሽርጥ፣ ሽርጡ ውስጥ አሥራ ሁለቱ ገጾች። አሥራ ሁለቱም! ለካ ሙሀባ ቤት ድረስ ሄደው የእሷንም ተቀብለው ኖሯል።

ቢኒያም ነጭ ጓንት አጠለቀ። ወረቀት ለመንካት ጓንት የሚያጠልቅ ሰው አይቼ አላውቅምና ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ዋጥኩት። በማጉያ መነጽር እያንዳንዱን ገጽ ሲመረምር ቆየ። እኔ ብልሽት ያልኩት የእርሳስ ጭረት፣ ነጩ ቀለም፣ የተለጠፈው ቁራጭ ወረቀት ሁሉ፣ ሥራው ከሠዓሊው እጅ ለመውጣቱ ምስክር ነው አለን፤ ዋጋውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀጥሎ ጠርዙን አየ። ዙሪያውን እኩል እኩል የታጠፈ መስመር አለው። ፈገግ ብሎ ይሄማ መጽሐፍ ተለብዶበታል አለና ገለበጠው። ሒሳብ፣ አምስተኛ ክፍል፣ ከሥሩ የእኔ ስም፣ ዶሮ የጫረው በሚመስለው ጽሕፈቴ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ቀስ ብዬ ወደ አባዬ ዞርኩ። እሳቸው እኔን አላዩኝም፤ ሰውየውን ይሄ እጥፋት በጣም ይጎዳዋል ወይ እያሉ ይጠይቁት ነበር።

እጥፋቱስ ግድ የለም፣ ከአሥር ስድስትም ሰባትም ያገኛል አላቸው። በዚህ ቆላ ምስጥ ሳይነካው መቆየቱ ይገርማል ብሎ አመሰገናቸው። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ቅጭም አለ። ግመሏ የአዋሽን ድልድይ የምትሻገርበት ገጽ ነው። በእጥፋቱ በኩል ቀለሙ ተልጦ የኋላ እግሯ ጠፍቶ፣ አንድ ሰው በእስኪርቢቶ ሌላ እግር ሠርቶላታል። እግር ካሉት ነው፤ ቁርጥ የአልጋ እግር! ሥዕል የማያውቅ ሰው ነካክቶታል፣ ይሄ ገጽ ዋጋ የለውም ብሎ ከአሥር ሁለት ሰጠውና ለብቻው አስቀመጠው። በእኛ ቤት ደግሞ እስኪርቢቶ አንሥቶ ግመል የሚሥል ማን ነው ብዬ ቀና ስል፣ አባዬ አንገታቸውን ደፍተው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ፤ ላብ በላብ ሆነዋል። ያንን ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁና አንተው እየው።

ቢኒያም ለአሥራ አንዱ የጠራውን ዋጋ ስትደውልለት ከራሱ ትሰማለህ፤ እኔ ብጽፈው ውሸታም ትለኛለህ። አባዬ ግን የእኔ አይደለም፣ ባለቤቱን ጠይቅ ብለው ሥዕሉን በሽርጡ ጠቅልለው መለሱት። ሰውየው ለአንተ ብሎ ስልክ ቁጥሩን ትቶ ሄደ፤ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ።

እንደወጣ የአባዬ እግር ላይ ወደቅሁ። ማን እንደሆነ እያወቁ ለምን ዝም አሉ፣ ሥዕሉ እጅዎ ከገባ በኋላስ ለምን አልላኩለትም እያልኩ አለቀስኩ። እሳቸው ተነሽ፣ ልጆች ያዩሻል አሉኝ። ከዚያ፣ ያኔ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፣ እሱ ደግሞ ምሎ ነበር፣ ብልክለት ከጀርባው ስምሽን ያነበው ነበር አሉኝ። እኔ ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ ስል ከለከሉኝ። እኔን መቀየም ለምዶታል፣ አንቺን ደግሞ እንደ አዲስ አይጀምር ነው ያሉት።

ይኸው ቃላቸውን ጥሼ ጻፍኩልህ። እፎይ! እንዴት እንደቀለለኝ ብታውቅ! ሌላው ቢቀር ትናንት ሌሊት ልነግረው ነው ብዬ ስወስን፣ ጎኔ ምድር እንደነካ ነው የነጋልኝ። ብትቆጣኝ ተቆጣ፤ መብትህ ነው። ብቻ የምትቆጣውን ሰው እወቀው። መሐላህንም አልረሳሁትም። የምትመጣበትን ቀን በያሕያ በኩል ላክብኝ፤ ሽንኩርት ጭኖ ወደ እናንተ የሚመላለሰው፣ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የሰፈራችን ሹፌር ነው። እኔ ልጆቼን ይዤ አጣዬ እወጣለሁ፤ ቤቱ በር ባይገጠምለትም ጣራ አለው። ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ትመጣለህ፣ ከአባትህ ጋር ተቀምጠህ ትሄዳለህ። እኔ ከሩቅ መምጣትህን ብሰማ ይበቃኛል።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ እጅህን ይባርክልህ። አባዬ ይህን መጻፌን አያውቁም። ስልካቸውን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ስትደውል የሥዕሉን ነገር አታንሣ፣ ይቅርታም አትበላቸው፤ አባዬ ብቻ በላቸው። ማን ልበል ካሉህ አትዘን፤ ድምፅህን ከሰሙ ሃያ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

ታናሽ እህትህ